የእትዬ ዘምዘም ግራ ጆሮ

ባለፈው ማክሰኞ፣ እትዬ ዘምዘም አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጡበት የፓርኪንግ ቡዝ ተነቅሎ ተወሰደ። አራት መስታወትና አንድ ወንበር ነው፤ ሠራተኞች በብረት ክንድ ከፍ አድርገው እንደ አሮጌ ፍሪጅ መኪና ላይ ጫኑት። በቦታው ካርድ የሚውጥ ማሽን ተተከለ። ፎቶ አነሣሁና፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥተው ኮምቦልቻ ወንድማቸው ዘንድ ለገቡት ለእትዬ ዘምዘም ላክሁላቸው። መልስ የለም። በማግስቱ እዚህ አሜሪካ ፒከሪንግተን ለምትኖረው ልጃቸው ለሐያት ጻፍኩላት። ወደ ማታ መለሰችልኝ፤ «እማዬ ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው።»

ሌላ ሕዝብ ይህን ቢያነብ ሴትዮዋ ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸዋል ብሎ ይረዳል። እኛ ግን ሞትን በስልክ የማናረዳ ሕዝብ ነን። የእኛ ሟች በስልክ ላይ መጀመሪያ ደህና ነው፤ ቀጥሎ ትንሽ ያመዋል፤ ቀጥሎ ሆስፒታል ይገባል፤ የሚሞተው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ነው። ስለዚህ ቆሜ ያነበብኩትን መልእክት ቁጭ ብዬ ደገምኩት።

እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ትምህርቱ ግን በቀላሉ አልገባኝም። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው ፊት።

ፓርኪንጉ ከዋናው መንገድ፣ ከሃይ ስትሪት፣ ገባ ብሎ ያለ ባለ አራት ፎቅ ኮንክሪት ነው። ቡዙ ውስጥ ሒሳብ የምንቀበለው እስከ ስምንት ሰዓት እሳቸው፣ ከዚያ በኋላ እኔ ነበርን። እኔ ሥራውን የያዝኩት ስለሚያስነብብ ነው። እዚያ ቡዝ ውስጥ ያነበብኩትን ያህል ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ያሉት መምህራን ያነበቡ አይመስለኝም፤ መጥቶ የፈተነኝ ስለሌለ እስካሁን በእምነቴ ጸንቻለሁ። እትዬ ዘምዘም አያነቡም ነበር። ያዳምጡ ነበር።

ኮምቦልቻ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሰው ከሌላ ከተማ ጋር ለመነጋገር ኦፕሬተር በሚለምንበት ዘመን። ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ይሰካሉ፣ ደዋይና ተደዋይ ያገናኛሉ፣ ከዚያ «ተገናኛችሁ?» ይላሉ። ከሁለቱም ወገን «አዎ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ ከመስመሩ አይወጡም። ማዳመጫው የሚደረገው በግራ ጆሯቸው ላይ ስለነበር፣ የምር ሊሰሙ ሲፈልጉ አንገታቸውን ቀለስ አድርገው ግራ ጆሯቸውን ይሰጡሃል። «ቀኙስ?» ብላቸው፣ «እሱን ለአለቆች ነው የተውኩት» አሉኝ።

ሥራውን ከተዉት ስንት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልማዱ ግን አልለቀቃቸውም። መንገድ የጠፋበት ሹፌር ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃቸዋል፤ ያሳዩታል፤ ሰውየው መኪናውን ሊያወጣ ሲመለስ መስታወቱን አንኳኩተው «ዩ ፋይንድ?» ይሉታል። ቤት የሚያከራይና ቤት የሚፈልግ ካገናኙ፣ ከሳምንት በኋላ ለሁለቱም ይደውላሉ። አንድ ጊዜ እኔን ከአንዲት የፋርማሲ ሠራተኛ ጋር ሊያስተዋውቁኝ ሞክረው ነበር። በሦስተኛው ቀን «ተገናኛችሁ?» ሲሉኝ «ተገናኝተን ተለያየን» አልኳቸው።

«አብሽር» አሉ። «መስመሩ ደህና ነበር፤ ችግሩ ከደዋዩ ነው።»

እንዲህ እያልን ስንኖር ዋይፋዩ መጣ።

የመሐል ከተማ ጉዳይ ኮሚቴ የሚባል አካል ነበር። የቢሮ ሠራተኛው ከቤቱ መሥራት ለመደ፣ ሱቁም ተዘጋ፤ ስለዚህ ኮሚቴው በሕዝብ ገንዘብ ሁለት ነገር ሊያደርግ አሰበ። አንደኛው በየምሰሶው ላይ ነጻ ዋይፋይ መስቀል ነው። ሁለተኛው ዳውንታውን ሕያው መሆኑን በባነር፣ በቪዲዮና በአውቶቡስ ጎን ለሰው መንገር። እኔ ሁለቱንም ተቃወምኩ። መቃወም ልማዴ መሆኑን የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ በዚህኛው ግን ምክንያትም ነበረኝ። የማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ «ሕያው ነገር ሕያው ነኝ የሚል ባነር አይሰቅልም» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩን ስለወደድኩት እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ቦታ ደገምኩት።

ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ ጠራ፤ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ። እትዬ ዘምዘም «እኔም የምጠይቀው አለኝ» ሲሉ ደስ አለኝ። ሻሻቸውን ያሰሩ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ዳውንታውን ሠርተው የሚያድሩ ሴት ከጎኔ ቆመው ሲቃወሙ ታየኝ። «እኔ አስተረጉምልዎታለሁ» አልኳቸው።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙና በአማርኛ እንዲህ አሉ፦ «ዋይፋዩ ጥሩ ነው። የምጠይቀው፣ ከተሰቀለ በኋላ ሰው መገናኘቱን የሚያዳምጠው ማነው? እኛ ጋ ኦፕሬተር ነበር። እዚህስ?»

እኔም በእንግሊዝኛ፣ እኚህ እናት ዕቅዱ የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ማንም ኃላፊነት የማይወስድበት ነው ይላሉ ብዬ ተናገርኩ። እጄንም በመጠኑ አወዛወዝኩ።

እትዬ ዘምዘም ግራ ጆሯቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ማይክሮፎኑን በሁለት ጣታቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ኖ» አሉ። «ሂ ኢዝ አዲንግ።» እየጨመረ ነው ማለታቸው ነው። «አይ ላይክ ዋይፋይ። አይ አስክ፣ ሁ ሊስን?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ብላ ጻፈችው። ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገባ፤ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

በአውቶቡስ ወደ ሰፈራችን ወደ ዋይንላንድ ፓርክ ስንመለስ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም።

«ዳዊቴ» አሉኝ፣ «እኔ ስንት ዓመት በሰው ወሬ መሀል ተቀምጫለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰምቻለሁ፣ ነጋዴ ሲዋሽ ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። መሀል ያለ ሰው የራሱን ከጨመረ ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ አይባልም። ሁለቱም ከአንተ ጋር ነው ያወሩት።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ።»

«ለእኔ ብለህማ አይደለም። አብሽር፣ ንግግርህ ያምር ነበር።»

ይህ የመጀመሪያው ውድቀቴ ነው።

ዕቅዱ አለፈ። ምሰሶዎቹ ሲተከሉ አንዱ የደረሰው የእኛ ፓርኪንግ በር ላይ ነው። ኮንክሪቱ የስልክ መስመር አያስገባም ነበርና ለእትዬ ዘምዘም ሲሳይ ሆነላቸው፤ ከቡዙ ወጣ ብለው ከወገኖቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። ባነሮቹም ተሰቀሉ፤ ሁለት ወጣቶች የወረቀት ኩባያ ይዘው፣ ኩባያው ውስጥ ምን ቀልድ እንዳለ እንጃ፣ ወደ ውስጥ እያዩ ይስቃሉ። የዋይፋዩና የማስታወቂያው ገንዘብ ከአንድ ኪስ ስለወጣ ደግሞ ማስታወቂያውን የያዘው ድርጅት ሁለቱን አጋባቸው። ዋይፋዩን ለመክፈት በመጀመሪያ የወጣቶቹን ቪዲዮ ማየት ግድ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ መስመሩ ይቆረጥና «ዳውንታውንን ዛሬ እንዴት አገኙት?» የሚል መጠይቅ ይመጣል። እኔ «ነግሬያችሁ ነበር» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎ የጨረስኩት ጽሑፍ የለም።

በዚያው ጸደይ የእትዬ ዘምዘም ታናሽ ወንድም ሰይድ አዲስ አበባ የልብ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ገባ። ሰይድን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጭንቀታቸው ግን ከበሽታው ብቻ አልነበረም። እናታቸው ኮምቦልቻ ሲሞቱ እሳቸው እዚህ ነበሩ፤ ሁለት ወር ሙሉ «ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው» እየተባሉ ለሌለ ሰው ሰላምታ ሲልኩ ከርመዋል።

«የሚያናግሩኝ ሰዎች ድምፅ ውስጥ ነበር» አሉኝ። «የስንቱን ሰው ‹ደህና ነን› የሰማሁ ሴት! ውሸቱን ጆሮዬ ለይቶታል። እኔ ነኝ መለየት ያልፈለግሁት።»

ከዚያ ወዲህ ከሰይድ ጋር ተስማምተዋል፦ «ደህና ነው ቢሉኝም አላምንም፣ ሞተ ቢሉኝም አላምንም። ድምፅህን እሰማለሁ።» የስምምነቱ ሁለተኛ ክፍል ለአፈጻጸም እንደሚያስቸግር ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

ኦፕራሲዮኑ በተደረገ ማግስት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ልረከብ ስደርስ፣ ምሰሶው ሥር ቆመው ከሰይድ ልጅ ከኑሩ ጋር በቪዲዮ እያወሩ ነበር። እዚያ መሽቷል። በትከሻቸው በኩል አየሁ። የልጁ ዓይን ቀልቷል። ከኋላው ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዷ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች።

«አባትህን ስጠኝ» ይላሉ እትዬ ዘምዘም።

«እትዬ፣ አብሽሪ» ይላል ኑሩ።

«አብሽሪ አትበለኝ፣ አባትህን ስጠኝ!»

«ይኸውልሽ እትዬ፣ አባዬ እኮ...»

ሠላሳ ደቂቃ ሞላ። ኑሩ ጠፋና ሁለቱ ወጣቶች ኩባያቸውን ይዘው መጡ። ዳውንታውንን ዛሬ እንዴት አገኙት? ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይስጡ።

እትዬ ዘምዘም አምስት ኮከብ ሰጡ፤ ቶሎ የሚያሳልፍ መስሏቸው ነው። ቪዲዮውን እንደገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት፤ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። ከዚያ ሲደውሉ ስልኩ አይነሣም። ግራ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ «ገና አልተገናኘንም» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ።

እኔ ግን ተገናኝቼ ጨርሻለሁ። የቀላ ዓይን አይቻለሁ፣ የሚጠረግ እንባ አይቻለሁ፣ «አብሽሪ» ሲባል ሰምቻለሁ። የጎደለውን ከራሴ ሞላሁና ለሐያት ደወልኩ።

«አጎትሽ ላይ አንድ ነገር የደረሰ ይመስለኛል» አልኳት።

«ኦ ማይ ጋድ። እማዬ ታውቃለች?»

«አያውቁም። በስልክ እንዳትነግሪያቸው።»

«ይመስለኛል» የሚለውን ቃል አጥብቄ ነበር የተናገርኩት፤ ሐያት ጋ ሲደርስ ግን ረግፏል። እሷ አዲስ አበባ ደወለች፤ አይነሣም። አለመነሣቱም ማስረጃ ሆነ። ለእድራችን ሰብሳቢ ለጋሼ ተፈራ ኮል አደረገች፤ ጋሼ ተፈራ ለቀረው ሁሉ። ወሬው በዚያው ቀን ዞሮ እኔው ጋ ሲመለስ «ሰይድ አርፏል፤ ነገ በማለዳ እናረዳቸዋለን» የሚል ሆኖ ነበር። እኔም አመንኩ። ከሌላ ሰው የሰማሁት መሰለኝ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰላታቸውን እስኪጨርሱ ጠብቀን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነጭ ለብሰን የእትዬ ዘምዘም ደጃፍ ላይ ተሰበሰብን። መንገዱ በመኪናችን ተሞላ። አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው። ሴቶቹ ሽሮና ምስር ወጥ በየመኪናው ይዘዋል፤ ሁላችንም መብላት እንድንችል ሥጋ አልተሠራም። ጋሼ ተፈራ ፊት ቆመው አንኳኩ።

እትዬ ዘምዘም በሩን ከፈቱ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ልብስ፣ ያን ያህል ሰው ደጁ ላይ ሲያይ ትርጉሙ የሚጠፋው ኢትዮጵያዊ የለም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከኋላ አንዲት ሴት ለቅሶ ጀመረች።

«እንግዲህ እትዬ ዘምዘም» አሉ ጋሼ ተፈራ፣ «የፈጣሪ ሥራ ነውና...»

«ቆይ» አሉ እትዬ ዘምዘም፣ መዳፋቸውን አንሥተው። «ማነው የሰማው?»

ጋሼ ተፈራ ወደ ሐያት አዩ። ሐያት ወደ እኔ አየች። እኔ ከኋላዬ ሰው ፈለግሁ፤ የለም።

«ዳዊት፣ አንተ ነህ የሰማኸው?»

«አየሁ» አልኩ።

«ያየኸውን አልጠየቅሁህም። ሞተ የሚል ድምፅ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«ጨመርክ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ።

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ አትደውዪ» አለች ሐያት፣ ክንዳቸውን ይዛ። «ፕሊስ።»

«ድምፁን እሰማለሁ ብዬዋለሁ» አሉና እዚያው በሩ ላይ፣ ሁላችን ፊት ደወሉ። ስልኩ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ለቅሶ የጀመረችው ሴትዮ እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ እንደዚያች ደቂቃ ትክክል መሆንን ጠልቼ አላውቅም። ጠራ።

«ሃሎ?» አለ አንድ የሻከረ፣ የደከመ፣ ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ የወንድ ድምፅ። «እትዬ? በዚህ ሰዓት ምን ሆነሽ ነው? እዚያ ገና መንጋቱ አይደለም እንዴ?» ቪዲዮው ተከፈተ። ሰይድ ትራሱን ተደግፎ፣ ከእህቱ በስተኋላ የቆመውን ነጭ ለባሽ ሁሉ ተመለከተ። «ያ ረቢ! ማነው የሞተው?»

«አንተ» አሉ እትዬ ዘምዘም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ነው ለማለትም ለቅሶ ነው ለማለትም ይቸግረኛል። ኑሩ ትናንት «አባዬ እኮ ተኝቷል፣ ነገ ታናግሪዋለሽ» ሊል ነበር ለካ። ሴቶቹ ያለቀሱት ሰይድ ነቅቶ በየስማቸው ስለጠራቸው ነው፤ ቀጥሎ ነርሷ ጠያቂዎቹን ሁሉ አስወጣች፤ ስልኩ አልጋው አጠገብ ድምፁ ጠፍቶ አደረ።

«ተገናኘን?» አሉ እትዬ ዘምዘም።

«ተገናኝተናል፣ እትዬ።»

ይህን ከሰሙ በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ክርስቲያኖቹም በየራሳችን አፍ ያንኑ አልን። ጋሼ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ምግቡ መኪና ውስጥ ነው» አሉ። ለሐዘን የመጣው ሽሮ ለምስጋና ተበላ፤ እኔም ሳይጠሩኝ ገብቼ በላሁ። ከዚያ ወዲህ እድር ስብሰባ ላይ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ጋሼ ተፈራ «ሰምተህ ነው ወይስ አይተህ?» ይሉኛል። እስከ ዛሬ።

በዓመቱ ኮሚቴው ገንዘቡ ይታደስ ወይስ አይታደስ ብሎ ስብሰባ ሲጠራ እትዬ ዘምዘም አስተርጓሚ አልፈለጉም። ከኋላ ተቀምጬ ሰማኋቸው። በዚያችው እንግሊዝኛቸው፣ ወንድማቸው ታሞ እንደነበር፣ ሠላሳ ደቂቃ እንደሞላ፣ የእሱን ደህንነት ሲጠይቁ ዳውንታውን እንዴት እንደሆነ እንደተጠየቁ ነገሯቸው። «አይ ጊቭ ፋይቭ ስታር» አሉ። ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ ስታወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ገንዘቡ ታደሰ፤ ቪዲዮውም መጠይቁም ሠላሳ ደቂቃውም ከዋይፋዩ ላይ ተነሣ፤ በየወሩ በየምሰሶው ሥር ቆሞ ሰው መገናኘቱን የሚጠይቅ አንድ ሠራተኛም ተመደበ።

ማስታወቂያው ግን አልቆመም። እንዲያውም የሚቀጥለው ዙር ባነር ላይ የእትዬ ዘምዘምን ፎቶ አወጡት። ፎቶ አንሺው ወደ ካሜራው እንዲያዩ ቢለምናቸው እምቢ ብለው በጎን ተነሡ፤ በግራ በኩል። በባነር ላይ ያለኝ አቋም አልተለወጠም። ስለ ዋይፋዩ ግን ዳግመኛ አልጻፍኩም፤ ለእኔ ዝም ማለት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አንባቢዎቼ ይረዱልኛል።

እንግዲህ «ትንሽ አሟት ነው» የምትለዋን መልእክት ይዤ ያደርኩት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው። ሐያትን ምን ማለትሽ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ጋሼ ተፈራ ጋ አልደወልኩም። ሐሙስ ጠዋት ዳውንታውን ሄድኩና ምሰሶው ሥር፣ ካርድ የሚውጠው ማሽን አጠገብ፣ ፀሐይ ካደበዘዘው ባነር በታች ቆሜ ኮምቦልቻ ደወልኩ። ጠራ። አሁን ይዘጋል፣ አሁን ኑሩ ያነሣዋል፣ አሁን «አብሽር» ይለኛል እያልኩ ጠበቅሁ። ደግሞ ጠራ።

«ሃሎ» አሉ እትዬ ዘምዘም። አፍንጫቸው ተዘግቷል።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁና ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ደግሜ አነበብኩ።

«ዳዊት? ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነው። ፎቶዋን አየሁ፤ ያችን ወንበር እንኳ ለማንም ሳይሰጡ ወሰዷት? ሃሎ? ተገናኘን?»

«ተገናኝተናል» አልኩ።

«ሐያት ምን አለችህ?»

«ትንሽ አሟት ነው አለችኝ።»

እዚያ ማዶ አንገታቸውን ቀለስ አድርገው ግራ ጆሯቸውን እየሰጡኝ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«ለስንት ሰው ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ እኔ ክርስቲያኑ።

«በል አልፈሃል» አሉኝ።